በእህቴ ስም የታከምኩባቸው ወራት

የመንገድ ሥራው ፕሮጀክት ሊዘጋ ነው የተባለ ቀን ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ስለ ደመወዜ አልነበረም፤ ስለ ማቀዝቀዣው ነበር። ቡሬ አጠገብ በነበረው ካምፓችን ውስጥ ክሊኒክ የምንላት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። በክፍሏ ጥግ በጄኔሬተር የምትሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ቆማለች። ሚስማር ለሚወጋው ሠራተኛ ከሚቀመጠው የቲታነስ መርፌ ጎን የኔ ኢንሱሊን ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር። ሌላው ሰው ካምፑን ሲያስብ ግሬደሩና አቧራው ይታየዋል። ለኔ ያቺ ማቀዝቀዣ ናት የምትታየኝ።

እኔ የካምፑ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ቦት ጫማ፣ አካፋ፣ ሁሉም በኔ ፊርማ ይገባል፣ በኔ ፊርማ ይወጣል። ስኳር የያዘኝ እዚያው ሥራ ላይ እያለሁ፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ ጥሜ አልቆርጥ አለኝ፤ ቀሚሴን በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ አስጠበብኩት። የክሊኒኩ ነርስ ባሕር ዳር ላከኝና በሽታው ታወቀ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንድ ደብዳቤ ይጻፍልኛል፦ ሠራተኛችን ናትና ተገቢው ሕክምና ይደረግላት፤ ወጪውን ድርጅቱ ይሸፍናል። ማኅተም፣ ፊርማ። ሐኪም ቤት ስሄድ ገንዘባቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው የተቀመጡ ገበሬዎች መካከል አልፌ ደብዳቤዬን በመስኮቱ አስገባለሁ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ከነሱ የተለየሁ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። የአስተዳደሩ ኃላፊ የሥራ ልምድ ወረቀቴን ሲሰጠኝ እንዲህ አልኩት፦

«የሕክምናው ነገርስ?»

«የቱ ሕክምና?»

«የኔ መርፌ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ ደብዳቤው ከሥራው ጋር ነው የሚሄደው። ሥራው ከሌለ በምን ማኅተም እጽፍልሻለሁ?» አለኝ።

ነርሷ በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውን ሁሉ በፔርሙዝ አድርጋ ሰጠችኝ። «እስከ መስከረም ቢያደርስሽ ነው፤ እስከዚያ መላ ፈልጊ» አለችኝ። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው እንዴት እንደሚቀመጥም አሳየችኝ፦ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው መካከል ትንሽ ማሰሮ።

ፍኖተ ሰላም ባለቤቴና የሦስት ዓመት ልጃችን ይጠብቁኛል። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ከተከራየናት ቤት ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ሱቅ በርና መስኮት፣ አልጋና አግዳሚ ይሠራል። ማሰሮዎቹን እሱ ገዝቶ፣ አሸዋውን ከላህ ወንዝ ዳር በጆንያ አምጥቶ አደላደለልኝ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «ቀበሌ ሂጂ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ማለት ግን ይችል ነበር።

ያኔ የጤና መድን ወደ ወረዳችን ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥር የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲመዘግቡ ደጃችን ላይ ደርሰው ነበር። ባለቤቴ ሊመዘገብ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ። የመለስኳቸው እኔ ነኝ። «እኛ ደብዳቤ አለን፤ ይሄ ለገበሬ የመጣ ነው» ብዬ። ይህንን አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀበሌ ሄድኩ። የመድኑን ሥራ የምትሠራው ወጣት ሴት መዝገቧን ገልብጣ «አንቺ ተቀጣሪ ተብለሽ ነው የተያዝሽው፤ መልቀቂያሽን አምጪ» አለችኝ። መልቀቂያውን ላመጣ ቡሬ ተመለስኩ። ካምፑ ውስጥ የቀረው ዘበኛና ውሻው ብቻ ነበር። ኃላፊውን አፈላልጌ ወረቀቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ይዤ ስመለስ ልጅቷ አየችውና አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

«ወረቀቱ ሙሉ ነው። ግን ምዝገባው ተዘግቷል። ሰብል ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው የሚከፈተው።»

«እስከ ጥር ድረስስ?»

«እስከ ጥር እንግዲህ…» አለችና መዝገቡን ዘጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የነፃ ሕክምና ወረቀት ሞክሪ» አለችኝ።

ሞከርኩ። የነፃ ሕክምና ወረቀት ምንም ለሌለው ሰው የሚሰጥ ነው። ወረፋው ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ጫማ አልነበራትም፤ ያዘለችው ሕፃን ይስላል። ከሷ ፊት አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት። ተራዬ ደርሶ ገና ስሜን ስናገር አንዱ የኮሚቴ አባል «ባልሽ እኮ የኛን ቤት በር የሠራ ነው» አለ። እውነቱን ነው። በሩ ጥሩ በር ነበር። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ።

እድራችንም ሄድኩ። ሰብሳቢው የሰፈራችን አባት ናቸው፤ ለጋብቻችን ሽማግሌ የነበሩ። ጉዳዬን እስክጨርስ በጽሞና ሰሙኝ።

«ልጄ፣ እድራችን ሬሳ ያነሣል እንጂ በሽተኛ አያነሣም» አሉ። «ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን። ሲወጣ ማንም አላፈረም፤ አንቺ ፊት ሆኜ ስናገረው ግን አፈርኩ።»

«ይሁን አባባ» ብዬ እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ነርሷ የሰጠችኝ ከነሐሴ ሳያልፍ አለቀና መግዛት ጀመርን። ኢንሱሊን በግል ፋርማሲ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ጠፍቶ ይከርማል። ሲገኝም የአናጺ ገቢ በክረምት ምን ያህል እንደሆነ አናጺ ያገባች ታውቀዋለች። እኔም ባለቤቴን ሳላማክር መርፌዬን መቀነስ ጀመርኩ። ጠዋት ከምወጋው ላይ ትንሽ፣ ማታ ከምወጋው ላይ ትንሽ። ስቶር ውስጥ ናፍጣ ሲያጥረን እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ ማሽኑን አናቆምም፣ እናዘግመዋለን። ሰውነት ግን ማሽን አይደለም። የመስቀል ሰሞን ግድግዳ ሳልይዝ መነሣት አቃተኝ።

እህቴ የመጣችው ያኔ ነው። እኛ ሁለት ብቻ ነን። እናታችን ልጅ ሆኜ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ከጅጋ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ካለ ገጠር ገበሬ አግብታ አምስት ልጆች ወልዳለች። ለበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ ልትለን እሸት በቆሎ ይዛ፣ ከጅጋ ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ጭነቱን ከትከሻዋ ማውረድ ረሳች።

«አንቺዬ! ምን በላሽ?»

«ምንም አልሆንኩም እታለም።»

«እኔን ነው የምትዋሺኝ? እንደ ገለባ ሆነሽ?»

አስቀመጠችኝና ሁሉንም አስለፈለፈችኝ። ደብዳቤውን፣ እስከ ጥር መጠበቁን፣ እድሩን፣ መቀነሴንም ጭምር። ባለቤቴ መቀነሴን የሰማው ከሷ ጋር እኩል ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ደጅ ወጣ፤ መጋዙ ሲጮህ ሰማሁ፤ ወዲያው ቆመ።

እህቴ የመድን አባል ነበረች። አባል የሆነችበትም ወሬ በመንደሩ የታወቀ ነው። የቀበሌ ሰዎች በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ስለ መድን ሲያስረዱ ባሏ «ሳልታመም ለበሽታ ልክፈል? ሟርት ነው!» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። እሷ ግን የጓሮዋን በርበሬ ሸጣ በራሷ ገንዘብ ቤተሰቡን አስመዘገበች። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ከዳዊቱ ጋር ሰቅላዋለች። ባሏ በዓመቱ እግሩን በመጥረቢያ ሲመታ በዚያው ደብተር ታክሞ ዳነ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሟርት አያነሣም።

«በኔ ደብተር ታከሚ» አለችኝ።

«እንዴት ተብሎ?»

«ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ እስከ ግንባሯ ነጠላ ተከናንባለች። ማን ይለያታል? በሽታው አንቺን አስረጅቶ እኔን አስመስሎሻል። የአባታችን ስም አንድ ነው። ግማሹ እኮ እውነት ነው!»

ባለቤቴ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ማሽኑን እሸጣለሁ» አለ፤ የእንጨት መላጊያውን ማለቱ ነው። «ስም ግን አትዋሱ።»

«ማሽኑን ሸጠህ በምን ልታበላት ነው?» አለችው። «እስከ ጥር ብቻ ነው። እኔ እንደሆንኩ ታምሜ አላውቅም፤ ደብተሩ ተሰቅሎ ከሚውል እህቴን ቢያድን ምን ክፋት አለው?»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እሺ ማለቴ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶን ነበር።

በሳምንቱ ወደ እህቴ አገር ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ተቀመጥኩ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ የእህቴን ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ። እኔ እህቴን ልፈልግ ወደ በሩ ዞር አልኩ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ነው እኔ መሆኔን ያወቅሁት።

ጤና መኮንኑ ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነው፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። የታካሚን ዓይን እያየ የሚጠይቅ፣ መልሱን ሳይቸኩል የሚሰማ ልጅ።

«ስንት ወልደሻል?»

የወለድኩት አንድ ነው። የእህቴን ልጆች በልቤ ከታላቁ እስከ ታናሹ ጠርቼ «አምስት» አልኩ።

«ስኳር መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህንን እውነቱን ነገርኩት። ጣቴን ወግቶ ለካኝ፤ ቁጥሩን ሲያይ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። በእህቴ ፋይል ላይ በትልቁ «የስኳር ሕመም» ብሎ ጻፈና በቀይ አሰመረበት። ወር በወር እየመጣሁ መርፌዬን እንድወስድ ቀጠሮ ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ፣ በጣቶቼ መካከል ቁስል እንዳለ ፈለገ፣ ጠባብ ጫማ እንዳላደርግ መከረኝ። በካምፑ ደብዳቤ በታከምኩባቸው ዓመታት ሁሉ እግሬን ያየልኝ ሰው አልነበረም። መርፌውን ይዤ ስወጣ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የማላውቀውን ሰው ኪስ የዳበስኩ ያህል እጄን ልብሴ ላይ ጠረግሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አገገምኩ። ልጄን ማዘል ቻልኩ። ባለቤቴ ስለ ስም ያነሣውን አልደገመም፤ እኔም በየወሩ በቀጠሮዬ ዋዜማ እህቴ ቤት እያደርኩ ጠዋት ባሏ ሳያይ ደብተሩን ተቀብዬ እሄዳለሁ። ኅዳር ላይ ስሄድ ግን እህቴ ከንፈሯ ነጥቷል። ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራውን ሳታወርድ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሽ ትሰበስባለች።

«እታለም፣ አሞሻል?»

«የመኸር ድካም ነው። የትኛዋ ሴት ናት በመኸር የማትነጣ?»

«ጤና ጣቢያ ብትታዪስ?»

«በማን ስም?» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሳቅሁ። ቃሉ ምን እንደያዘ ቆሜ አላሰብኩም። በማግስቱ ደብተሩን ተቀብዬ መርፌዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ላይ ለቀጠሮዬ እህቴ ቤት አድሬ ጠዋት ነጠላዬን ስለብስ፣ ከአውድማው በኩል ጩኸት ሰማሁ። ጤፍ እየወቁ ነበር። ስደርስ እህቴ ገለባው ላይ ወድቃለች፤ ባሏ ጭንቅላቷን ይዟል። ጎረቤቶች አልጋ ገልብጠው ቃሬዛ አበጁና ተሸክመን ገሠገሥን። ደብተሩን ከተሰቀለበት አውርዶ የያዘው ባሏ ነው።

ጤና መኮንኑ ለሥልጠና ወጥቶ ነበር። ተረኛዋ አይታኝ የማታውቅ ነርስ ናት። እህቴን አልጋ ላይ አስተኝተው ፋይሏ መጣ። ነርሷ ገለጠችው፤ ቀዩ መስመር ላይ ዓይኗ አረፈ።

«የስኳር በሽተኛ ናት» አለች። «ዛሬ መርፌዋን ወስዳለች?»

የእህቴ ባል ግራ ተጋባ። «የምን መርፌ? የምን ስኳር?»

«ቤት ውስጥ ስትወጋ አታዩም? ንገሩኝ እንጂ! መለኪያው ወረቀት ትናንት አልቋል። ስኳሯ ወርዶ ይሁን ወጥቶ መለየት አለብኝ። ለአንዱ የሚሰጠው ለሌላው አይሆንም።»

እሱ እኔን አየኝ። እኔ እህቴን አየሁ። ፊቷ የሻማ መልክ ይዟል። ነርሷ ስትጠይቅ፣ እሱ «እኔ እንጃ» ሲል፣ ጊዜው ይሄዳል። ለመናገር የፈጀብኝ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ረጅም ባይሆን እመኛለሁ።

«ስኳሩ የኔ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«እሷ ስኳር የለባትም። በደብተሯ የምታከመው እኔ ነኝ። እዚያ የተጻፈው ሁሉ የኔ ነው፤ አምስት ወልዳለች ከሚለው በቀር።»

ነርሷ ለመቆጣት እንኳን ጊዜ አልወሰደችም። ፋይሉን ወደ ጎን ገፍታ የእህቴን የዓይን ቆብ ገለበጠች። ውስጡ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር።

«እማማ፣ ይሰሙኛል? ደም ይፈስዎታል?»

እህቴ ዓይኗን በጭንቅ ገለጠች። «ከጥቅምት ጀምሮ» አለች። «የወር አበባው አልቆም ብሎኝ…» ከዚያ እኔን ፈለገችኝ። «መጥቼ ብታከም ያውቁብሽ ነበር» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ የኔን መርፌ ላለማስቀረት ደሟን ደብቃ መኖሯን የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ የሰደበኝም አለ። እንደዚያች ቃል ግን የገባብኝ የለም።

ነርሷ ወደ ሆስፒታል የሚያሳልፈውን ወረቀት ስትጽፍ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ «በዚህ ደብተር እንዴት ይሆናል?» አላት። እሷም ቀና ሳትል «ደብተሩ የሷ ነው። የታመመችውም እሷ ናት። ጻፍ» አለችው።

አምቡላንስ ፍኖተ ሰላም አደረሰን። ደም ያስፈልጋታል ተባለ። እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ አንቺ በመርፌ የምትኖሪ ነሽ ብለው መለሱኝ። ባሏና ባለቤቴ ጎን ለጎን ተኝተው ሰጡ። በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከማኅፀኗ ዕጢ ወጣላት። ክፉ ዓይነት አይደለም ተባልን። ባሏ ይህ ሁሉ ሲሆን ከኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም። ምግብ ሳመጣ ሳህኑን ይቀበላል፤ ሲመልስ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።

እህቴ ሆስፒታል እያለች የቀበሌያቸው የመድን ኮሚቴ ጠራኝ። ስብሰባው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ፣ ዋርካ ጥላ ሥር ነበር። ጤና መኮንኑ ከሥልጠናው ተመልሶ መጥቷል። ሌሎቹ ሲጠይቁኝ መልስ ሰጠሁ። እሱ ግን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አምስት ወልጃለሁ ብለሽኝ ነበር» አለ። «እኔ እኮ ባንቺ ቃል ነው የማክመው።»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

አንድ አረጋዊ ገበሬ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እኔ ሦስት ዓመት አዋጥቻለሁ» አሉ። «አንድ ቀን አልታመምኩም። ሰው ቂል ነህ ሲለኝ፣ ጎረቤቴ ከታመመ ለሱ ነው እላለሁ። ይህችን ግን አላውቃትም። ጎረቤቴ አይደለችም። ለማን እንዳዋጣሁ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ብዙ ሰው አዎ እያለ ራሱን ነቀነቀ። ደብተሩ ይወሰድባቸው ያለም ነበር። ምን እንደምመልስ አስቀድሜ ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ምዝገባው መዘጋቱን፣ ወረቀቱን ፍለጋ መንከራተቴን። ሽማግሌውን ሳይ ሁሉም ጠፋኝ።

«እውነት ነው አባቴ» አልኩ። «እርስዎን አልጠየቅሁም። ባለፈው ጥር ቤቴ ድረስ መጥተው አዋጪ ሲሉኝ እኔ ደብዳቤ አለኝ ብዬ መልሻለሁ። ለናንተ ሳላዋጣ ከናንተ ወሰድኩ። እህቴን ግን አትቅጡልኝ። እሷ በገዛ ደብተሯ ልትታከም ሲገባት ለኔ ብላ ልትሞት ነበር።»

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ የኮሚቴው አባል ነበሩ። መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩና «መድን ማለት ከመዳን የመጣ ቃል ነው» አሉ። «ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ሰውን የምታጠምቀው በየስሙ ነው፤ በእህቱ ስም የተጠመቀ አላየሁም። ልጂቱ የወሰደችውን ትመልስ፣ ደብተሩ ለባለቤቱ ይቆይ። የታመመችን ሴት ደብተር ነጥቀን መድን አለን ልንል ነው እንዴ?»

በዚሁ ተስማሙ። የወሰድኩትን መድኃኒት ዋጋ ባለቤቴ መላጊያውን ሸጦ ከፈለ። እኔ እንዳይሸጠው ብዬ ስም ተዋስኩ፤ መጨረሻው ያው ሆነ። ጤና መኮንኑ የእህቴን ፋይል አስተካክሎ የኔን ገጾች አወጣ። ሊቀድዳቸው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ለካ አጣጥፎ አስቀምጦልኝ ኖሮ ስወጣ ሰጠኝ። «ለሚቀጥለው ሐኪምሽ አሳዪው፤ ያንቺ ታሪክ ነው» አለኝ። አመሰገንኩት። ፈገግ አላለም፤ እንዲልም አልጠበቅሁም።

እህቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ለክትትል ቅርብ እንድትሆን ቤታችን አስቀመጥናት። ጥር የገባው እሷ እኛ ቤት ተኝታ ሳለ ነው። ምዝገባው የተከፈተ ዕለት ባለቤቴና እኔ አብረን ቀበሌ ሄድን። ወጣቷ ሴት መልቀቂያዬን ድጋሚ አየች፣ የቤተሰቡን ስም ጻፈች፣ መዋጯችንን ተቀበለች። ደብተሩ ሥራ የሚጀምረው ግን ከአንድ ወር በኋላ ነው ስትለኝ እንባዬ መጣ። አዝኜ ብቻ አይደለም። ሕጉን እንዲህ ያደረገው እንደኔ ያለ ሰው እንደሆነ ስለገባኝ ነው፤ ሲታመም ብቻ የሚመጣ ሰው።

ያንን ወር እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። የእድሩ ሰብሳቢ ጉዳዬን ለአባላቱ አንሥተው፣ ለበሽተኛም የሚሆን ትንሽ ነገር በደንቡ ይግባ ብለው ተከራከሩ። ግማሹ ተቃወመ፣ ግማሹ ደገፈ፤ ደንቡ አልተለወጠም። ሆኖም ከስብሰባው በኋላ ሦስት ሴቶች በየፊናቸው መጥተው የቻሉትን ሰጥተውኝ ሄዱ። መድኑም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። ደብተሬን ይዤ ሄጄ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» የተባልኩበት ቀን ጥቂት አይደለም። የካምፑ ደብዳቤ እንዲህ አልነበረም፤ ያለምንም ጥያቄ ያስተናግደኝ ነበር። ብቻ ደብዳቤውን የሰጠኝ ሰው ሊወስደው የሚችልም እሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት እህቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ ልጄ ፀጉሯን ልጎንጉን እያለች ስትነካካው፣ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ መርፌውን ትተዪዋለሽ።»

«እተወው ነበር።»

«እኮ» አለች። ደግሞም «መሞቴ አይደለም የታየኝ። ደም መፍሰስ የሚገድል አልመሰለኝም። ሴት ስለሆንኩ ይሆናል፤ ያልፋል ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «አንቺ ስትወፍሪ አየሁ፤ በዚያ ተደሰትኩ» አለችኝ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ባሏ ሊወስዳት መጣ። ከጅጋ ወዲያ ባለው መንገድ እንድትቀመጥበት በቅሎ ተውሶ ጅጋ ላይ አሳስሯል። ባለቤቴ ዕቃዋን ይዞ እስከ ሚኒባሱ ሸኛቸው፤ እኔም ተከተልኩ። እህቴን አስገብቶ በሩ ሊዘጋ ሲል ባሏ መለስ አለ። ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ።

«ዘንድሮ በቆሎው ጥሩ ነው» አለ። «ቅዳሜ ሰው ሲመጣ አንድ ጆንያ እልክላችኋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አልኩ።

«ጆንያውን ስትመጡ መልሱልኝ» አለና ገብቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ።